ሚዛኑ ለእኛም ነው

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



በሙስሊም ቤተሰቦች ዘንድ በብዛት የታዩ ፊልሞች የትኞቹ ናቸው ተብሎ ቢጠየቅ፣ ሁለቱን ለመጥራት ብዙ ማሰብ አያስፈልግም። አንደኛው «አር-ሪሳላ»፣ ሁለተኛው «ዑመር አል-ሙኽታር» ነው። ሁለቱንም የሠራቸው አንድ ሰው ነው፤ እርሱም በ1930 በሶሪያዋ የሐለብ ከተማ የተወለደው ሙስጠፋ አል-ዐቃድ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት፣ ሌላ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) እነዚህ ፊልሞች በካሴት ዘመን በየሰፈሩ ቪዲዮ ቤት፣ በዒድ ቀን ደግሞ በየዘመዱ ሳሎን ይታዩ ነበር። ዛሬ ካሴቱም ማጫወቻውም ከቤታችን ወጥቷል፤ ፊልሞቹ ግን በልጆቻችን ስልክ ውስጥ ገብተው አሁንም ይታያሉ።

የትኛው ፊልም ይፈቀዳል፣ የትኛውስ ይከለከላል የሚለው የዑለሞች ድርሻ ነውና እዚያ ውስጥ አንገባም። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ፊልሙ ካበቃ በኋላ በልባችን ውስጥ ስለሚቀረው ነገር ነው። ታሪካዊ ፊልም እንደ አንድ ራዊ ነው፤ ያለፈውን ነገር ይተርክልናል። ራዊ ደግሞ በእኛ ዘንድ ዝም ተብሎ አይታመንም። ከማን ሰማህ? ምን ጨመርክ? ምንስ ዘለልክ? ተብሎ ይጠየቃል። ይህ የዑለሞቻችን ልማድ ለመጻሕፍት ብቻ የሚሠራ አይደለም። ፊልምን ያህል ልብ የሚሰርቅ ራዊ የለምና፣ ከሁሉ ይልቅ ለእርሱ ያስፈልጋል።

የአራት ጓደኛሞች ክርክር

እኛ አራት ጓደኛሞች ነን። አንዱ ልብስ ሰፊ፣ አንዱ ነጋዴ፣ አንዱ የታሪክ መምህር፣ አራተኛው ደግሞ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ነው። ከልጅነት ጀምሮ ያየናቸውን የድሮ ፊልሞች እያነሳን መጨዋወት ልማዳችን ነው። አንድ ቀን ስለ እነዚህ ሁለት ፊልሞች ስንነጋገር ልብስ ሰፊው እንዲህ አለ፦ «እኔን የሚያስጨንቀኝ አንድ ነገር አለ። የሐምዛ (ረ.ዐ) ስም በተጠራ ቁጥር ዓይኔ ላይ የሚመጣው የዚያ ተዋናይ ፊት ነው። የዑመር አል-ሙኽታር ስም ሲጠራም የሚመጣው ያው ፊት ነው።»

እውነቱን ነው። በእንግሊዝኛው «አር-ሪሳላ» ሐምዛን (ረ.ዐ) ሆኖ የተጫወተው፣ በኋላም ዑመር አል-ሙኽታርን ሆኖ የተጫወተው በሜክሲኮ የተወለደው አንቶኒ ኩዊን ነው። በዐረብኛው «አር-ሪሳላ» ግን ሐምዛን (ረ.ዐ) ሆኖ የተጫወተው ግብፃዊው ዐብደላህ ጘይስ ነበር። ስለዚህ አንዱ ቤት ያደገ ልጅ አንድ ፊት ይዞ ሲያድግ፣ ጎረቤቱ ደግሞ ሌላ ፊት ይዞ ያድጋል። ሁለቱም የሰማዕታቱን አለቃ ፊት አላዩም።

ነጋዴው ቀጠለና፣ «እኔ የማልረሳው ዑመር ምርኮኛውን ወጣት መኮንን ሳይገድል የለቀቀበትን ቦታ ነው። ባልንጀሮቹ ‹እነርሱ የእኛን ይገድላሉ› ሲሉት፣ ትምህርታችንን ከእነርሱ አንወስድም ብሎ የመለሰላቸውን ነው» አለ።

የታሪክ መምህሩ ይህን ሰምቶ ትንሽ ዝም አለ። ከዚያም፣ «እዚያ ፊልም ውስጥ ያየኸው ጄኔራል ግራዚያኒ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደኛ አገር መጥቷል። እነማንን አስከትሎ እንደመጣ ግን ታውቃለህ?» ሲል ጠየቀው። ከዚያ ቀን ወዲህ ያ ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣም። መልሱን ለማግኘት ሁለቱን ፊልሞችና ከጀርባቸው ያለውን ታሪክ በቅደም ተከተል እንመልከት።

ሳይታይ የተፈረደበት ፊልም

ዐቃድ ገና ወጣት ሳለ ወደ አሜሪካ ሄዶ በካሊፎርኒያ የፊልም ሙያ ተማረ። ሐሳቡ የኢስላምን አነሳስ ምዕራባውያን በሚገባቸው መንገድ ማሳየት ነበር። የፊልሙን ጽሑፍ የአል-አዝሀር ዑለሞች እንዲያዩት አደረገ። የነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) መልክም ድምፅም በፊልሙ ውስጥ የለም። ባለቤቶቻቸውና አራቱ ኸሊፋዎችም (ረ.ዐ) አይታዩም። ሥራው በ1974 በሞሮኮ፣ በማራኬሽ አቅራቢያ የጥንቷ መካ አምሳያ ከተማ ተሠርቶ ተጀመረ። ነገር ግን ከሳዑዲ ዐረቢያ በኩል በመጣ ተቃውሞ ምክንያት የሞሮኮው ንጉሥ ሥራው እንዲቆም አዘዙ። ፊልሙ የተጠናቀቀው ሊቢያ ተቀብላው ነው። አል-አዝሀርም በኋላ ድጋፉን አነሳ። በመጨረሻ በ1976 ሁለቱ ቅጂዎች፣ የዐረብኛውና የእንግሊዝኛው፣ ለዕይታ በቁ።

በዚህ ፊልም ውስጥ የሐበሻ ሙስሊም ዓይኑ እንባ የሚያቀርርበት ቦታ አለ። ይኸውም በ615 ወደ ሐበሻ የተሰደዱት ሰሐቦች በነጃሺ ፊት የቆሙበት ነው። የቁረይሽ መልእክተኞች ሙስሊሞቹ ተላልፈው እንዲሰጡ ሲጠይቁ፣ ንጉሡ የከሳሾቹን ስጦታ ሳያይ የተከሳሾቹን ቃል ሰማ። ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብም (ረ.ዐ) ከሱረቱ መርየም ቀራለት። አስተውሉ፤ ነጃሺ ሁለቱንም ወገን ሳይሰማ አልፈረደም።

በፊልሙ ላይ ግን የተፈረደው ሳይታይ ነው። በማርች 1977 በዋሽንግተን ከተማ 12 የታጠቁ ሰዎች ሦስት ሕንፃዎችን ይዘው 150 ያህል ሰዎችን አገቱ። ከሦስቱ ሕንፃዎች አንዱ የከተማይቱ የኢስላም ማዕከል ነበር! የቡድኑ መሪ ቤተሰቦቹ የተገደሉበት ሰው ነበርና ገዳዮቹ ተላልፈው እንዲሰጡት ይሻ ነበር። ከጥያቄዎቹ ሌላው ግን ይህ ፊልም እንዲታገድ ነው። አጋቾቹ ፊልሙን አላዩትም፤ አንድ ተዋናይ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ሆኖ የተጫወተ መስሏቸው ነበር። አንድ ወጣት ጋዜጠኛ ተገደለ። ነገሩ የበረደው የግብፅ፣ የፓኪስታንና የኢራን አምባሳደሮች ከመሪው ጋር ተቀምጠው ከቁርኣን እያነበቡ ስለተነጋገሩት ነው።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ሑጁራት፣ ወሬ ሲመጣልን ሳናጣራ ሰዎችን ጎድተን በኋላ እንዳንጸጸት አስጠንቅቆናል። ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ክብር ቆሜያለሁ ያለ ሰው፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያመጡትን ትእዛዝ ሲጥስ ምን ይባላል? የሰው ነገር ግን ይለወጣል። ሳዑዲ ዐረቢያ ለረጅም ዘመን የተዘጉትን ሲኒማ ቤቶች በ2018 ስትከፍት፣ «አር-ሪሳላ» በዚያው ዓመት እዚያው አገር ታየ።

የቁርኣን መምህሩ ዑመር

ሁለተኛው ፊልም በ1981 ወጣ። ገንዘቡን የሰጠው የሊቢያ መንግሥት ነው። ዑመር አል-ሙኽታር በ1860 ገደማ በምሥራቅ ሊቢያ የተወለደ፣ በጃግቡብ በሰኑሲያ መድረሳ የተማረ የቁርኣን መምህር ነበር። ጣሊያን በ1911 ሊቢያን ስትወር መሣሪያ አነሳ፤ እስከ እርጅናውም አላስቀመጠውም። በፊልሙ መጀመሪያ ላይ ሕፃናትን ከሱረቱር ረሕማን ሲያስተምር ይታያል። የሚያስረዳቸውም አላህ ሰማይን ከፍ አድርጎ ሚዛንን ስለማኖሩ ነው። ይህችን ሚዛን ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስባታለን።

ሮዶልፎ ግራዚያኒ በ1930 የምሥራቅ ሊቢያ ምክትል ገዥ ሆኖ ተሾመ። ዑመርን በጦር ሜዳ ማሸነፍ ቢያቅተው ሕዝቡን ነጠቀው። 100,000 ያህል ከብት አርቢ ሕዝብ ከጀበል አል-አኽደር ተነቅሎ በበረሀ ማጎሪያ ካምፖች ታጎረ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩት በረሀብና በበሽታ አለቁ። በግብፅ ድንበር ላይ 270 ኪሎ ሜትር የሚያህል የእሾህ ሽቦ አጥር ተዘረጋ፤ ስንቅና ጥይት የሚመጣበት መንገድም ተዘጋ። ሴፕቴምበር 11 ቀን 1931 ዑመር ፈረሱ ተመትቶበት ተያዘ። ሴፕቴምበር 16 ቀን ደግሞ ከሰባ ዓመት በላይ የሆነው ሽማግሌ በሱሉቅ ካምፕ፣ እንዲያይ በግድ በተሰበሰበ 20,000 ያህል ሕዝብ ፊት ተሰቀለ። ፊልሙ ይህን ሁሉ በሐቅ ያሳያል። ኢጣሊያ ለጦር ሠራዊቷ ክብር ተቆርቁራ በ1982 ከለከለችው፤ ሕዝቧ በቴሌቪዥን ያየው በ2009 ነው።

ፊልሙ በችኮላ ያለፈው ወገን

እንግዲህ ወደ መምህሩ ጥያቄ እንመለስ። ፊልሙን ያየ ሰው ከፊልሙ የሚወጣው ጠላትና ወገን በግልጽ ተለይተውለት ነው። በአንድ በኩል ጣሊያኖች አሉ፤ በሌላ በኩል ዐረቦች አሉ። እርግጥ ለጣሊያን ያደረ የአገር ሽማግሌ በፊልሙ ውስጥ አለ። የታሪኩ እውነት ግን ከዚህ እጅግ የከበደ ነው።

ዑመርን በበረሀ ሲያሳድዱ ከነበሩት ወታደሮች ብዙዎቹ ጣሊያኖች አልነበሩም። ከ1912 ጀምሮ ለሃያ ዓመታት ያህል የኤርትራ አስካሪዎች በየጊዜው እየተጫኑ ወደ ሊቢያ ይላኩ ነበር። ከመካከላቸው ድንበር ተሻግረው የተቀጠሩ የትግራይ ልጆችም ይገኙባቸው ነበር። የሚበዙት ክርስቲያኖች ነበሩ። ይህን ጉዳይ ኤርትራዊው ካህን አባ ገብረየሱስ ኃይሉ በ1927 በትግርኛ ጽፈውት «ሓደ ዛንታ» በሚል ስም በ1950 አሳትመውታል። የታሪኩ ባለቤት ለባዕድ ጌታ ብሎ፣ አገሩን የሚከላከል ሕዝብ ሊወጋ ሊቢያ የሄደ ወጣት ነው። መጨረሻው ጸጸት ነው። አንድ ካህን ስለ ሙስሊም ሊቢያውያን ስቃይ ያን ጊዜ መጻፉ ሊመሰገን ይገባዋል።

ይህ ብቻ አይደለም። ዑመርን ያን ቀን የያዙት በጣሊያን መኮንኖች ሥር የሚያገለግሉ የሊቢያ ተወላጅ ፈረሰኞች ነበሩ። ለይተው ያወቁትም እነርሱው ናቸው።

አሁን ደግሞ የታሪኩን ሌላ ገጽ እንግለጥ። ዑመር ከተሰቀለ አራት ዓመት በኋላ፣ በ1935፣ ያው ግራዚያኒ ከሶማሊያ በኩል የኢትዮጵያን ወረራ ይመራ ጀመር። በ1936 በኦጋዴን ግንባር ካሰለፋቸው ጦሮች አንዱ በጄኔራል ናዚ የሚመራው የሊቢያ ክፍለ ጦር ነበር። ከሱሉቅ ካምፕ መዘጋት ሦስት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ፣ ወንድሞቻቸው በሽቦ ውስጥ ያለቁባቸው የሊቢያ ልጆች የሌላ ሕዝብ አገር ለመቀማት ዘመቱ። ትናንት ሐበሻው በሊቢያ፣ ዛሬ ሊቢያዊው በሐበሻ!

የካቲት 12 ቀን 1929 በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በአዲስ አበባ በግራዚያኒ ላይ የእጅ ቦምብ ከጣሉ በኋላ ለሦስት ቀናት የተፈጸመውን ጭፍጨፋ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 30,000 አድርሶታል። ከአንድ ወር በኋላ፣ በማርች 1937፣ ሙሶሊኒ ትሪፖሊ ገብቶ «የኢስላም ሰይፍ» የተባለ ሰይፍ ወደ ሰማይ አንስቶ ራሱን የሙስሊሞች ጠባቂ አደረገ። ሰይፉ የተሠራው እዚያው ኢጣሊያ፣ ፍሎረንስ ከተማ ነው። ዑመርን የሰቀለ መንግሥት የኢስላም ጠባቂ ሲሆን ማየት እንዴት ያለ ነገር ነው!

ከዚያም በሜይ 1937 ግራዚያኒ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት እንዲገደሉ አዘዘ። የራሱ ቴሌግራም 297 መነኮሳትና 23 ሌሎች ሰዎች መገደላቸውን ይዘግባል፤ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ከሺህ በላይ ያደርሷቸዋል። ለዚህ ሥራ የተመረጠው ከሙስሊሞች የተውጣጣ የቅኝ ግዛት ሻለቃ ነበር። ምርጫው በአጋጣሚ የተደረገ አይደለም። ክርስቲያኑን አስካሪ በሙስሊሙ ሊቢያ ላይ፣ ሙስሊሙን ወታደር በክርስቲያኑ ገዳም ላይ ማዝመት የታሰበበት ዘዴ ነው። አንዱ ወገን ገዳይ ሆኖ ሲታይ ሌላው ቂም ይይዛል፤ ባዕዱ ገዥ ደግሞ አስታራቂ መስሎ በመካከል ይቀመጣል።

አንዳንዱ አንባቢ «በዚያ ዘመን ሙስሊሙ በአገሩ ተበድሎ አልነበረምን?» ይል ይሆናል። ተበድሎ ነበር። ከመሬትም ከሹመትም የተገፋ፣ በሃይማኖቱ እንደ እንግዳ የሚቆጠር ሙስሊም ብዙ ነበር። ይህ ሐቅ ነው፤ መሸፋፈን አያስፈልገውም። ጣሊያንም ይህን ቁስል አይታ መስጊድ ሠራች፣ ዐረብኛ አስተማረች። በደል ግን በሌላ በደል አይካስም። የተበደለ ሰው የበደለውን ትቶ ያልበደለውን መነኩሴ ቢገድል፣ በዳዮች ከአንድ ወደ ሁለት ከፍ አሉ እንጂ ፍትሕ አልመጣም።

ይህን ያወቁ ሙስሊሞችም ነበሩ። በ1925 በሶማሊያ በጣሊያን ላይ የተነሳው ዑመር ሰመተር ወደ ኢትዮጵያ ተሻግሮ፣ በኋላ በዚያው በኦጋዴን ግንባር ከኢትዮጵያ ጦር ጋር ተሰልፎ ወረራውን ተዋግቷል። ከግራዚያኒ ጦር ጋር የዘመቱትም ሙስሊሞች፣ እርሱን የተዋጋውም ሙስሊም ነበር። ሰውን ከሰው የለየው ከሐቅ ጋር የነበረው አቋም ነው።

ሚዛኗ

አሁን ያቺን ሚዛን እንመልሳት። ሱረቱር ረሕማን ሚዛን መኖሩን ብቻ አትነግረንም፤ በሚዛኑ እንዳናጭበረብርም ታዛለች። በሱረቱል ማኢዳም አላህ (ሱ.ወ) ለአንድ ሕዝብ ያለን ጥላቻ ከፍትሕ እንዳያወጣን አዝዞናል። በፊልሙ ውስጥ ያለው ዑመር ምርኮኛውን ሲለቅ ያደረገው ይህንን ነው። እኛ ግን ያንን ቦታ ስናይ አልቅሰን «ማሻአላህ፣ ሙስሊም እንዲህ ነው» ብለን እንነሳለን። ሚዛኑን በዑመር በኩል ብቻ አይተነው እናልፋለን። ታሪክ ደግሞ፣ በዚያው ዘመን «ሙስሊም» የሚል ስም ይዞ በሌላኛው ሳህን ላይ የተቀመጠ ሻለቃ እንደነበር ይነግረናል። ሚዛኑ ለእኛም ነው።

የዐቃድ የራሱ መጨረሻም ይህን ያስተምራል። ኖቬምበር 9 ቀን 2005 በዮርዳኖስ ዋና ከተማ በዐማን በሦስት ሆቴሎች ቦምብ ፈነዳ። ዐቃድ ከልጁ ከሪማ ጋር እዚያ ነበር። ልጁ ወዲያው፣ እርሱ ከሁለት ቀን በኋላ ሞቱ። ስለ ሰላሑዲን አል-አዩቢ ፊልም የመሥራት ዕቅዱም ከእርሱ ጋር ቀረ። ቦምቡን ያፈነዱት በኢስላም ስም የሚምሉ ሰዎች ናቸው። ለሚሊዮኖች ነቢያዊውን ጥሪ ያስተዋወቀውን ሰው የገደለው አውሮፓዊ ጄኔራል አልነበረም። ግራዚያኒ ግን ከጦርነቱ በኋላ በ1950 ቢፈረድበትም ፍርዱ ከጀርመን ጋር ስለማበሩ እንጂ በሊቢያና በኢትዮጵያ ስላፈሰሰው ደም አልነበረም። ከጥቂት ወራት በኋላም ተፈታ፤ በ1955 ሞተ። የዱንያ ፍርድ ቤት እንዲህ ነው፤ የቂያማው ሚዛን ግን አይሳሳትም።

ለወላጆች

ውድ ወላጆች፣ ልጆቻችን እነዚህን ፊልሞች ማየታቸው አይቀርም። እንግዲያው ሲያዩ አብረናቸው እንቀመጥ፤ ሲያበቃም ዝም ብለን አንነሳ። በቅድሚያ የሰሐቦች ፊት የተዋናይ ፊት እንዳልሆነ እንንገራቸው። የሐምዛን (ረ.ዐ) ታሪክ ከሲራ መጽሐፍ እናንብብላቸው፤ ሥዕሉን ሳይሆን ሥራውን እንዲይዙ። ቀጥለን፣ «ይህ ነገር እውነት ሆኗል? ማን ነው የነገረን?» ብለው እንዲጠይቁ እናስለምዳቸው። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ልጃችን ከጀግናው ጋር ራሱን አንድ አድርጎ ሲኮራ፣ «አንተ በዚያ ዘመን ብትኖር፣ ደመወዝና ጠመንጃ ይዞ የመጣ ሰው ጎረቤትህን ምታ ቢልህ ምን ትመልስለት ነበር?» ብለን እንጠይቀው። ይህን ጥያቄ ገና በልጅነቱ የተጠየቀ ልጅ፣ አድጎ ሰው መጥቶ ሲያነሳሳው የሚመልሰው ቃል አያጣም።

አላህ (ሱ.ወ) ከበዳዮችም፣ ለበዳዮች እጃቸውን ከሚያከራዩም አያድርገን። ሐቅን ለራሳችንም በራሳችንም ላይ የምንመሰክር ያድርገን። አሚን።